ሽፋኑን ለማወቅ ውሃውን መቀየር

በአንድ የምርምር ቡድን ስብሰባ ላይ ያየሁት ሥዕል ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። በስክሪኑ ላይ የታየው መረጃ አንድ ነበር። የሕዋስ ሽፋን ከሚሠራባቸው ቅባት መሰል ሞለኪውሎች፣ ከሊፒዶች ተሠርቶ በሲሊከን ላይ ከተዘረጋ ሽፋን ተንጸባርቀው የተመለሱ ኒውትሮኖች ቆጠራ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ እያሽቆለቆለ፣ መሀል ላይ ጎበጥ ብሎ እንደገና የሚወርድ የነጥቦች ሰልፍ። በነጥቦቹ ላይ ግን ሁለት መስመሮች ተስለው ነበር። አንዱን የሳለው ባልደረባዬ፣ በላዩ የተጨመረው ፕሮቲን ሽፋኑን በስቶታል፣ በተከፈተው ቀዳዳም ውሃ ገብቷል ይላል። ሌላዋ ባልደረባዬ ደግሞ ሽፋኑ አልተበሳም፣ ፕሮቲኑ ራሱ ገብቶ በሊፒዶቹ መካከል ተቀምጧል ትላለች። ሁለቱም መስመሮች በነጥቦቹ ላይ እኩል ያልፋሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አንጋፋ ተመራማሪ «ታዲያ የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ከነጥቦቹ ያለው ርቀት በጥቂቱ ያነሰው» የሚል መልስ ተሰጠና ስብሰባው ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ።

እኔ ግን አብሬ ማለፍ አልሆነልኝም። ጥናቱ የተደረገው ባክቴሪያን ከሚገድሉ አጫጭር ፕሮቲኖች በአንዱ ላይ ነው። ብዙ ፍጥረታት እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖችን በተፈጥሮ ያመርታሉ፤ በንብ መርዝ ውስጥ በብዛት የሚገኘውና ከ26 አሚኖ አሲዶች የተሠራው ሜሊቲን በዘርፉ በሰፊው ከተጠኑት አንዱ ነው። አብዛኞቹ የሚያጠቁት የሕዋሱን ሽፋን ስለሆነ፣ ነባር አንቲባዮቲኮችን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እነዚህን ለመላመድ ይቸገሩ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። ሽፋኑ ተበስቶ ውሃና ጨው እንደ ልብ የሚመላለሱበት ከሆነ ሕዋሱ የሚሞተው በአንድ መንገድ ነው። ፕሮቲኑ በሊፒዶቹ መካከል ተሰግስጎ ሽፋኑን ካላላው ደግሞ አሟሟቱ ሌላ ነው። የተሻለ መድኃኒት ለመሥራት የሚፈልግ ኬሚስት ከሞለኪውሉ የትኛውን ክፍል መለወጥ እንዳለበት የሚያውቀው ይህ ልዩነት ሲለይለት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ መልስ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ቆየ።

ፎቶ የማይነሳ ነገር

የሕዋስ ሽፋን ውፍረት ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሚደርስ፣ ከሽፋኑ ውፍረት መቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ በተለመደው ማይክሮስኮፕ ሽፋኑ ያለበትን ቦታ እንጂ የውስጡን አደረጃጀት ማየት አይቻልም። በዚያ ላይ ሽፋኑ እንደ ግድግዳ የረጋ አይደለም። ሊፒዶቹ ውሃ የሚስማማውን ራሳቸውን ወደ ውጭ፣ ውሃ የሚሸሸውን ጭራቸውን ወደ ውስጥ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ እንጂ እርስ በርሳቸው በኬሚካዊ ትስስር አልተያያዙም። በየረድፋቸው ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያለማቋረጥ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ተገልብጦ መሻገር ግን ለአንድ ሊፒድ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት የሚወስድ ነው። ይህን ሰልፍ የሚያቆመው ራሱ በዙሪያው ያለው ውሃ ነው። አድርቀን ብንመረምረው የምንመረምረው ሌላ ነገር ይሆናል፤ መጠየቅ ያለብን እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው።

ኒውትሮን ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ለመለኪያው የሚውለው ዘገምተኛ ኒውትሮን የሞገድ ርዝመቱ ከአንድ ናኖሜትር ክፍልፋይ እስከ ሁለት ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ በኤሌክትሮን ቮልት ሺህኛ ክፍሎች የሚቆጠር በመሆኑ ሽፋኑን አይጎዳውም። በሴንቲሜትር የሚለካ ውፍረት ያለውን የሲሊከን ጡብ ያለ ችግር ዘልቆ ያልፋል። ስለዚህ ጨረሩን በሲሊከኑ በኩል አስገብተን፣ በጣም በተጋደመ ማዕዘን ሽፋኑን ነክቶ እንዲመለስ እናደርጋለን። ማዕዘኑ ከፍ ባለ ቁጥር የሚመለሰው እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ ከሚሊዮን ኒውትሮኖች አንዱ ብቻ የሚመለስበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚታዩት ጉብታዎች ከሽፋኑ ላይኛና ታችኛ ገጽ የተመለሱት ሞገዶች ሲደጋገፉና ሲጠፋፉ የሚፈጥሯቸው ናቸው፤ የውፍረቱ ምስክሮች እነርሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው። ተመላሽ ሞገድ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ምን ያህል እንደ በረታና ማዕበሉ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ። መቁጠሪያችን የሚመዘግበው ብርታቱን ብቻ ነው፤ ደረጃው ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ከኩርባው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሽፋኑ መመለስ አይቻልም። የምንሠራው በተቃራኒው ነው። ሽፋኑ እንዲህ ቢሆን ብለን እንገምታለን፣ ከግምቱ የሚወጣውን ኩርባ እናሰላለን፣ ከተለካው ጋር እናስተያያለን፣ እስኪገጥም ድረስ ግምቱን እናስተካክላለን። ገጠመ ማለት ግምቱ ሊሆን የሚችል ነው ማለት እንጂ እውነቱ እርሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ይህን በዘርፉ የምንሠራ ሁሉ እናውቀዋለን፤ በሥዕሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲሳል ግን ለመርሳት በጣም ቀላል ነው። የዚያ ስብሰባ ዋጋ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን መታየታቸው ይመስለኛል።

ሁለት ስሕተቶች ያቆሙት እውነት

በዚያ ሰሞን አብዝቼ የማስበው ሽፋኑ ሁለት ረድፍ እንዳለው መጀመሪያ እንዴት እንደ ታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በላይደን የሕፃናት ሐኪሙ ኤቨርት ጎርተርና የሥራ ባልደረባው ግሬንደል ከቀይ የደም ሕዋሶች ውስጥ ሊፒዱን በአሴቶን አውጥተው በውሃ ገጽ ላይ አነጠፉት፤ የሸፈነውንም ስፋት ከሕዋሶቹ ጠቅላላ የገጽ ስፋት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ። የሕዋስ ሽፋን ሁለት የሊፒድ ረድፎች ያሉት ነው የሚለው ሐሳብ በመለኪያ ተደግፎ የቀረበው በዚህ ሥራ ነው።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲፈትሹት፣ አሴቶኑ ሊፒዱን አሟጥጦ እንዳላወጣ ታወቀ። የሕዋሱም ስፋት የተለካው ደርቆ በተኮማተረ ናሙና ላይ ስለ ነበር አንሶ ተገኘ፤ የሰውን ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ወደ 100 ካሬ ማይክሮሜትር አድርገውት ነበር፣ ዛሬ የምናውቀው ግን ወደ 140 የሚጠጋ ነው። ሊፒዱም አነሰ፣ ስፋቱም አነሰ፣ ሲካፈሉ ግን ሁለቱ ጉድለቶች ተካክሰው ትክክለኛውን ቁጥር ሰጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ሐሳቡ ጸንቶ የቆመው በዚያ አንድ ቁጥር ምክንያት አልነበረም። ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ሌሎች መለኪያዎች አንድ በአንድ ስለ ደገፉት ነው።

ከእነዚያ አቅጣጫዎች አንዱን በተለይ እወደዋለሁ። በዚያው በ1925 ሁጎ ፍሪኬ ቀይ የደም ሕዋሶችን በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት መርምሮ፣ ሽፋኑ በካሬ ሴንቲሜትር 0.81 ማይክሮፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም እንዳለው ለካ። ከዚህም ተነሥቶ ውፍረቱን 3.3 ናኖሜትር አድርጎ አሰላው። የእርሱም ስሌት በግምት ላይ የቆመ ነው፤ ሽፋኑ የተሠራበት ቁስ ለኤሌክትሪክ ያለውን ባሕርይ ከዘይት መሰል ነገሮች ወስዶታል። ነገር ግን የፍሪኬ ግምት ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ከአሴቶኑም ሆነ ከደረቀው ሕዋስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድሁት፣ የአንድ ዘዴ ቁጥር ሦስተኛ አኃዝ ድረስ ከሚጠራ ይልቅ፣ ጉድለታቸው የማይገናኝ ሁለት ዘዴዎች ተቀራራቢ ቁጥር ቢሰጡ የበለጠ ማመን እንዳለብኝ ነው። በእጃችን ያሉት ሁለት መስመሮች ግን የተሳሉት በአንድ ዘዴ፣ በአንድ ናሙናና በአንድ ውሃ ነበር።

መቁጠሩን መቀጠል ወይስ መቀየር

ወደ ኒውትሮን ምንጩ በተመለስን ጊዜ ሽፋኑን እንደ አዲስ ሠራን። በዚህ ሥራ ከማንኛውም ነገር በላይ ጊዜ የሚወስደው ማጽዳት ነው። የሲሊከኑ ጡብ በሰልፈሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ ይታጠባል፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል፣ ከዚያም ዘንበል ተደርጎ ይታያል። ውሃው ጠብታ እየሠራ ከተንከባለለ አሁንም ቅባት አለበት ማለት ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ውሃው አንድ ወጥ ስስ ንጣፍ ሆኖ መላውን ገጽ ይሸፍንና ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ጀርመናዊቷ አግነስ ፖከልስ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ፣ በቤቷ ውስጥ በሠራችው የውሃ ገበታ፣ የገጽ መለኪያዎች የሚዛቡት በዓይን በማይታይ ቆሻሻ መሆኑን አሳይታ፣ ገጹን በተንቀሳቃሽ ቁራጭ እየጠረገች የማጽዳት ዘዴዋን በ1891 ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ገልጻለታለች፤ እርሱም በዚያው ዓመት በኔቸር መጽሔት እንዲታተምላት አደረገ። በገጽ ላይ የሚሠራ ሰው የሚያጠናው ነገር የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ ስላለው፣ ቆሻሻውም የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ካለው ከሚጠናው ነገር ጋር እኩል ነው። ስለ ማጽዳት በዝርዝር የማይጽፍ የገጽ ፊዚክስ ጽሑፍ ሳነብ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ሽፋኑ ተሠራ፣ በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ዲዩቴሪየም በሚባለው ከበድ ያለ የሃይድሮጅን ዓይነት በተተካ ውሃ) ውስጥ ተለካ፣ ፕሮቲኑ ተጨመረ፣ እንደገና ተለካ። ኩርባው ቀድሞ ባየነው መንገድ ተለወጠ፤ ሁለቱም ታሪኮች እንደገና ገጠሙ። ከተሰጠን የመለኪያ ጊዜ የቀረው ጥቂት ነበር። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለነው ሰዎች የተከራከርነው በዚያ በቀረው ጊዜ ምን እንደምናደርግ ነው። አንዱ ሐሳብ በዚያው በከባዱ ውሃ መቁጠሩን መቀጠል ነበር። ኒውትሮኖች በበዙ ቁጥር በየነጥቡ ላይ ያለው የስሕተት ዘንግ (የቆጠራውን አጠራጣሪነት የሚያሳየው መስመር) ያጥራል፣ ኩርባው በቀኝ ጫፍ ይጠራል፣ ምናልባትም ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ይወድቃል። ሌላው ሐሳብ መለኪያውን አቁሞ፣ ናሙናውን ሳይነኩ፣ ከባዱን ውሃ በፓምፕ አውጥቶ በተራ ውሃ መተካት ነበር። ይህ አደጋ አለው። ለመተካት ጊዜ ይባክናል፣ በመሀል የአየር አረፋ ቢገባ ሽፋኑ ይበላሻል፣ በተራ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ምልክትም ደካማ ነው።

ውሃው ለምን ይህን ያህል እንደሚያከራክር ላስረዳ። ኒውትሮን የሚበተነው ከአቶሙ አስኳል ነው። የተራ ሃይድሮጅን አስኳል ኒውትሮንን የሚበትንበት ርዝመት ‎-3.74 ፌምቶሜትር ሲሆን፣ የዲዩቴሪየም ግን ‎+6.67 ነው፤ በኬሚስትሪ አንድ የሆኑት ሁለቱ ወንድማማቾች ለኒውትሮን በምልክት እንኳ ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቁስ ኒውትሮንን ምን ያህል እንደሚበትን ለመግለጽ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ ተራ ውሃ ‎-0.56፣ ከባድ ውሃ 6.36፣ የሊፒዱ ጭራ ‎-0.4 ገደማ ነው። ሽፋን በከባድ ውሃ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በተራ ውሃ ውስጥ ግን ጭራዎቹ በነጭ ግድግዳ ፊት እንደ ቆመ ነጭ ለባሽ ሰው ይጠፋሉ። ፕሮቲን በመካከል ነው፤ በተራ ውሃ 2 አካባቢ፣ በከባድ ውሃ ደግሞ አንዳንድ ሃይድሮጅኖቹን በዲዩቴሪየም ስለሚለዋወጥ 3 አካባቢ።

እንግዲህ በከባድ ውሃ ውስጥ የጭራው ንብርብር ከ‎-0.4 ወደ 0.3 ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ምክንያቱ ከስፋቱ 10 በመቶ ያህሉን ውሃ ስለ ያዘው፣ ወይም 20 በመቶ ያህሉን ፕሮቲን ስለ ያዘው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ኩርባው ሊለያቸው የማይችለው ለዚህ ነው። ለሌላ ሙሉ ቀን ብንቆጥርም የምናገኘው ያንኑ 0.3 አጥርተን ነው። በተራ ውሃ ውስጥ ግን ሁለቱ ታሪኮች ይለያያሉ። ቀዳዳ ከሆነ፣ ቀዳዳውን የሞላው ውሃ ከጭራው ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ ንብርብሩ ከነበረበት አይነቃነቅም፤ ኩርባው ፕሮቲን ከሌለው ሽፋን በተራ ውሃ ከሚጠበቀው ጋር ተደርቦ ይመጣል። ፕሮቲን ከሆነ ንብርብሩ ከዜሮ በላይ ብቅ ይላል፤ ኩርባውም ይለያል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው፤ የእኛም ነገር ሥሩ ውሃው ነበር።

ለመቀየር ተስማማን። የሁለቱን ታሪኮች ትንበያ አስቀድመን በአንድ ሥዕል ላይ ሳልነው፤ ይህን እንድናደርግ አጥብቃ የጠየቀችው ፕሮቲኑ ገብቷል የምትለው ባልደረባዬ ነበረች። ነጥቦቹ ከመጡ በኋላ ትንበያን ማስተካከል ለማንም ሰው ይቀላል ብላ ነው፤ ልክ ነበረች። ፓምፑ በቀስታ ውሃውን ገፋ። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ሲመጡ፣ በከባድ ውሃ ጊዜ በግራ በኩል ጎልቶ የሚታየው የሙሉ ነጸብራቅ ጠርዝ ጠፍቷል፤ ውሃው በእርግጥ መተካቱን የምናውቀው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነጥቦቹ በዝግታ፣ አንድ በአንድ እየተጨመሩ ወደ ቀኝ ወረዱ። መሀል ላይ ሲደርሱ «ቀዳዳ» ብለን ከሳልነው መስመር በላይ መሆን ጀመሩ፤ በክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም፣ የስሕተት ዘንጎቹ ገና ረጃጅም ነበሩና። ቆጠራው ሲገፋ ዘንጎቹ አጠሩ፣ ነጥቦቹ ግን ወደ መስመሩ አልተመለሱም። «ፕሮቲን» ብለን በሳልነው መስመር ላይም አልተቀመጡም። ከእርሱ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ በሁለቱ መካከል፣ ወደ ፕሮቲኑ አድልተው ቆሙ።

ሦስቱም ውሃዎች የሚስማሙበት ሽፋን

በቀረው ጊዜ ሦስተኛ ውሃ ጨመርን። ከከባዱ 38 በመቶ፣ ከተራው 62 በመቶ ሲቀላቀል ውሃው ለኒውትሮን ከሲሊከን ጋር እኩል፣ 2.07 ይሆናል፤ ጡቡና ውሃው አንድ ሆነው የሚያንጸባርቀው በመካከላቸው ያለው ስስ ነገር ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የተሠራው ትንተና ሦስቱን ኩርባዎች በአንድ ጊዜ የሚያስገድድ ነው። ሽፋኑ አንድ ነው፤ ውፍረቱ፣ የፕሮቲኑ መጠን፣ የቀዳዳው ስፋት በሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው፤ እንዲለወጥ የሚፈቀደው የውሃው ቁጥርና ከእርሱ ጋር የሚሄደው የሃይድሮጅን ልውውጥ ብቻ ነው። እንዲህ ሲታሰር፣ ቀድሞ ለብቻው የገጠመው የቀዳዳ ታሪክ ወደቀ። የፕሮቲኑም ታሪክ እንደ ቀረበው ሆኖ አልዳነም። የቀረው ሽፋን ፕሮቲኑ በብዛት በውጭኛው ረድፍ ራሶችና በጭራዎቹ መግቢያ ላይ ያረፈበት፣ ጥቂት ውሃም አብሮት የገባበት ነው።

ሁለቱ ባልደረቦቼ በዚህ ውጤት ላይ አብረው ጻፉ። እኔን ያረካኝ ከሁለቱ አንዱ ማሸነፉ አይደለም፤ ማንም አላሸነፈምና። ከመለኪያው በፊት ማናችንም ያልሳልነው ሦስተኛ ሽፋን መገኘቱ ነው። «ከነጥቦቹ ያለው ርቀት ያነሰው» የሚለው መልስ የሚመርጠው ከቀረቡለት መካከል ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ሽፋን ሊያመጣው ከቶ አይችልም ነበር።

አሁንም የማያስተኛኝ ጥያቄ አለ። ነጸብራቁ የሚነግረን በብዙ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ፣ በሰዓታት ውስጥ የተጠራቀመ አማካይ ነው። ጥቂቱ ውሃ በመላው ሽፋን ላይ በየፕሮቲኑ ዙሪያ የተበተነ ይሁን፣ ወይም እዚህና እዚያ በተከፈቱ እውነተኛ ቀዳዳዎች ውስጥ የተሰበሰበ ይሁን፣ ከአማካዩ አይለይም። ለሕዋሱ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ቢሆኑም በውስጥና በውጭ ያለውን የጨው ልዩነት ሊያጠፉ ይችላሉ። ይህን ለመለየት ጉድለቱ ከኒውትሮን ጋር የማይገናኝ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ያሰብነውም ያንኑ ሽፋን በኤሌክትሪክ መመርመር ነው። ቀዳዳ ካለ አዮኖች ያልፉበታል፣ ፍሰቱም ይታያል። ጭራቸው በዲዩቴሪየም የተሠራ ሊፒዶችም ታዘዋል፤ በእነርሱ ሽፋኑ በተራ ውሃ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ፣ አራተኛ ኩርባ ይኖረናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ሥራ ከዚህ ቀላል ሽፋን ወደ ባክቴሪያው እውነተኛ የውጭ ሽፋን መሻገር ነው፤ በብዙ ባክቴሪያዎች የእርሱ ሁለት ረድፎች ከተለያየ ሞለኪውል የተሠሩ ናቸውና፣ በሲሊከን ላይ ሳይቀላቀሉ ማቆም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።